የካርቦን ማዳበሪያነት፦ ሰብሉን የሚያፋፋ አየር ተባዩንም ሲቀልብ

«ካርቦን ፈርቲላይዜሽን» በግብርናና በአየር ንብረት ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ የሳይንስ ቃል ነው። በአማርኛ «የካርቦን ማዳበሪያነት» ልንለው እንችላለን። ፍቺው፦ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመብዛቱ የሰብል እድገት መፋጠን። «ማዳበሪያ» ብቻ ብለን ያልተውነው ጋዙ በከረጢት ተገዝቶ ማሳ ላይ የሚበተን ግብዓት ስላልሆነ ነው።

ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ፣ በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 በላይ ደርሰዋል። ጋዙ ሲጨምር ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ምግብ ማዘጋጀታቸው ይፋጠናል፤ የቅጠላቸው ቀዳዳዎች ጠበብ ስለሚሉም ውሃ ይቆጥባሉ። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ግን ጋዙን ቀድሞውኑ በቅጠላቸው ውስጥ አጠራቅመው ስለሚጠቀሙ፣ እርጥበት ባልጎደለበት ማሳ ከጭማሪው እምብዛም አያተርፉም።

ትርፉን ደግሞ ተባይ ይሻማዋል። በአፈር ውስጥ ያለው አየር፣ ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚተነፍሱበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመሬት በላይ ካለው አየር ብዙ እጥፍ ነው። የአፈር ተባዮች ብዙ ጋዝ ባለበት መኖርን ስለለመዱ፣ የከባቢ አየሩ ለውጥ የሚያገኛቸው በዋናነት በተክሉ በኩል ነው።

የማገጥ ዘመድ የሆነውን ነጭ ክሎቨር እንመልከት። በሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው ጥቃቅን እባጮች አሉ። የክሎቨር ሥር ነቀዝ እጭ ከእንቁላሉ እንደወጣ እነዚህን እባጮች ፈልጎ ቦርቡሮ ይበላል። በብሪታንያ በተደረጉ ሙከራዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመር እባጮቹ በዙ፤ እጮቹም ተመቻቸው።

የአንዳንድ ተክሎች መከላከያም ይላላል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጋዙ በተጨመረበት ማሳ የበቀለ አኩሪ አተር ጥንዚዛዎችን የሚከላከልባቸው ኬሚካሎች ቀንሰዋል። ከጥንዚዛዎቹ አንዱ በእጭነቱ አፈር ውስጥ ሆኖ የበቆሎ ሥር የሚያወድም ነው።

የፍሬው ጥራትም ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሰፊ ጥናት ጋዙ ሲጨምር በስንዴ ውስጥ ዚንክ በ9 ከመቶ፣ ብረት በ5 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

እንግዲህ «ካርቦን ሲበዛ ሰብል ይበዛል» የሚል ስንሰማ ነገሩ ግማሽ እውነት መሆኑን እናስታውስ። የግብርና ባለሙያዎቻችንም የአዝመራውን ቁመናና የምርቱን ክብደት ብቻ አይመልከቱ፤ ሥሩን ነቅለው ይመርምሩ፣ የእህሉንም ንጥረ ነገር ይለኩ።