ጥሩር ያልለበሰ ተዋጊ፦ የመከላከያ ደረጃ ታሪክ በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሌክ ጄኒቫ ከተማ ታትሞ ሲወጣ ጥሩር ያልለበሰ ገጸ ባሕርይ የሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ነበር የተቀመጠው። የመከላከያ ደረጃው 9 ነው። በዚያ ዘመን ቁጥሩ ባነሰ መጠን መከላከያው ይጠነክር ስለነበር በዚያ እትም ከዚህ የከፋ ደረጃ አልነበረም። ሙሉ የብረት ጥሩር ለብሶ ጋሻ ለያዘ 2 ይሰጠዋል። ጀማሪ ተዋጊ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ጥሎ ጥሩር የሌለውን ለመምታት ቢያንስ 10፣ ባለጥሩሩንና ባለጋሻውን ለመምታት ደግሞ ቢያንስ 17 ማውጣት ነበረበት።

የአሠራሩ ሥር ያለው በጦር ጨዋታዎች ውስጥ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን በ1971 ባወጡት ቼይንሜል የተባለ የጨዋታ ሕግ፣ ሁለት ሰዎች ሲገጥሙ የአንዱ መሣሪያ ከሌላው ጥሩር ጋር በሠንጠረዥ ይመሳከራል። ከጋይጋክስ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን የፈጠረው ዴቭ አርነሰን በበኩሉ የመከላከያ ደረጃን ሐሳብ ያገኘው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለነበሩ ብረት ለበስ መርከቦች ከተዘጋጀ የጨዋታ ሕግ እንደሆነ ተናግሯል። ለመርከብ ያስኬዳል፤ መርከብ ጎንበስ ብሎ ጥይት አያሳልፍም። ለሰው ሲሆን ግን ሕጉ አለመመታትንና ተመትቶ አለመቁሰልን በአንድ ቁጥር ጠቀለላቸው፤ ቀልጣፋውም ሰው ቦታ አጣ። በኋላ የመጡት ማሻሻያዎች በአብዛኛው ይህንኑ ቀዳዳ የሚደፍኑ ናቸው።

ድፈናው የተጀመረው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1975 ግሬይሆክ የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ተዋጊዎች በቅልጥፍናቸው መከላከያቸውን እንዲያሻሽሉ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የወጣው ብላክሙር ደግሞ በባዶ እጁ የሚፋለመውን መነኩሴ አመጣ። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ መነኩሴው ከ10 ይነሣና በ17ኛው እርከን ከዜሮ በታች 3 ይደርሳል። ይሁንና ሌሎቹን የሚጠቅመው ቅልጥፍና ለእሱ መከላከያ አይቆጠርም ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ዘላይ ከባድ ፍርድ ነው። ጥሩር የተከለከለው ጠንቋይም ኑሮው በአስማት ቀለበትና አምባር ላይ ተንጠለጠለ።

በዚያው በ1978 የወጣው ሩንኩዌስት የተባለ ሌላ ጨዋታ ጥያቄውን ከሥሩ ለያየው። ጥሩር የጉዳቱን መጠን ይቀንሳል እንጂ ምቱን አያስቀርም፤ ምት የሚያስቀረው የተዋጊው ችሎታ ነው። ከአመክንዮ አንጻር ይህ ይበልጣል፤ ለእያንዳንዱ ምት የሚጠይቀው ስሌት ግን ይበዛል።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ወደዚህ ሐሳብ ይበልጥ የቀረበው በ2000፣ በሦስተኛው እትሙ ነው። ቁጥሩ ተገለበጠና መነሻው 10 ሆኖ ወደ ላይ መቆጠር ጀመረ። መንካት ብቻ ለሚበቃው ጥቃት ጥሩርና ጋሻን የማያስገባ የተለየ ቁጥር ወጣ። ብረት የተሸከመው ፈረሰኛ በዚህ ፊት እንደ ራቁት ሰው ነው። መነኩሴው ግን የጥበብ ነጥቡ በመከላከያው ላይ ስለተጨመረለትና ስለማይነጠቅበት ደኅና ቆመ።

በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም ያ የተለየ ቁጥር ሳይኖረው፣ ያለ ጥሩር መከላከልን ራሱን የቻለ ችሎታ አደረገው። መነኩሴው በ10 ላይ ቅልጥፍናና ጥበብን ይደምራል፤ ጋሻ ከያዘ ግን ችሎታው ይቀርበታል። ባርባሪያን የተባለው ተዋጊ ቅልጥፍናንና የሰውነት ጥንካሬን ይደምራል፤ ጋሻም ይፈቀድለታል። በሁለቱም ነጥቦች ጭማሪው 3 የሆነ መነኩሴ 16 ያገኛል፤ ይህም የሰንሰለት ጥሩር ከሚሰጠው እኩል ነው። በዳይሱ ላይ 5 የሚጨመርለት አጥቂ እሱን የሚመታው ከመቶ 50 ጊዜ ሲሆን፣ ደረጃው 10 የሆነውን ሰው ግን 80 ጊዜ ይመታል።

በጠረጴዛ ዙሪያ ክርክር የሚያስነሣው መደራረብ ነው። ባርባሪያንም መነኩሴም የሆነ ገጸ ባሕርይ ጥበብንና ጥንካሬን አንድ ላይ መደመር አይችልም። የጠንቋዩ የአስማት ጥሩርም 13 ላይ ቅልጥፍናን ደምሮ ለ8 ሰዓት የሚቆይ ሌላ ስሌት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይዳበልም፤ ከስሌቶቹ አንዱ ብቻ ይመረጣል። የመከላከያ ቀለበት ግን በተገኘው ውጤት ላይ 1 የሚጨምር እንጂ ስሌቱን የሚተካ ስላልሆነ በሁሉም ላይ ይደረባል። በዚህ ሕግ 20ኛው እርከን ላይ የደረሰ ባርባሪያን ነጥቦቹን እስከ ጣሪያቸው ካደረሰ ያለ ጥሩርና ያለ ጋሻ 22 ያገኛል፤ አስማት የሌለበት ሙሉ የብረት ጥሩር ከነጋሻው 20 ነው። የ2024ቱ ክለሳ ደግሞ ግርማ ሞገስን ጨምሮ፣ ጨፋሪው አዝማሪና የዘንዶ ደም ያለው አስማተኛ በእሱ እንዲከላከሉ አድርጓል።