የአሬታ ፍራንክሊን ዘፈንና ደብተር

የሶል ሙዚቃ ንግሥት የምትባለው አሬታ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ተወልዳ በዲትሮይት አደገች። መዘመር የጀመረችው አባቷ ፓስተር በነበሩበት ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1967 «ሪስፔክት»ን ስትዘፍን ዝናዋ ገነነ። ትርጉሙ «ክብር» የሆነውን ይህን ዘፈን ሴቶችም ጥቁሮችም የመብት ጥያቄያቸው ድምፅ አደረጉት።

ድርሰቱ ግን የኦቲስ ሬዲንግ ነበር። በአሜሪካ አሠራር ዘፈን በሬዲዮ ሲተላለፍ የሚከፈለው ለደራሲው እንጂ ለዘፋኙ አይደለም። ስለዚህ «ሪስፔክት» በአገሯ ሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ክፍያው ለእሷ አይደርስም ነበር። «ሮክ ስቴዲ»ን ግን ራሷ ስለደረሰችው የደራሲነት ድርሻው የእሷ ሆነ። የመድረክ ክፍያዋንም አስቀድማ በጥሬ ገንዘብ ተቀብላ፣ ቦርሳዋን እንደያዘች ትወጣ ነበር።

ይህን ያህል ጠንቃቃ ሆና ሳለ፣ በ2018 በ76 ዓመቷ ስታርፍ በሕግ ባለሙያ የተዘጋጀ ኑዛዜ አልተወችም። በ2019 በእጇ የጻፈቻቸው ወረቀቶች ቤቷ ውስጥ ተገኙ፤ አንዱ ሶፋ ላይ ከትራስ ሥር በነበረ ደብተር ውስጥ ነበር። ልጆቿ «የትኛው ነው ትክክለኛው?» በሚል ተካሰሱ። በ2023 በሚሽጋን ፍርድ ቤት የ2014ቱ ጽሑፍ ኑዛዜዋ ነው ተብሎ ተወሰነ።

እህቶች፣ በሂሳብ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህ ጉዳይ አይገርመንም። ቁጠባችን ትንሽም ቢሆን የማን እንደሆነና ለማን እንደሚተላለፍ በቁማችን በጽሑፍ እናስፍር።