የባሕር ጤንነትና የቀድሞው መዝገብ

በሞቃት ባሕር ጠረፍ ያለ ኮራል ለዓይን ያማረ ሊመስል ይችላል፤ ጤናማ ነው ለማለት ግን ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ ያሻል።

እ.ኤ.አ. በ1928 በቻርልስ ሞሪስ ዮንግ የሚመራ የብሪታንያ የጥናት ቡድን በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ አጠገብ ወደሚገኙት ሎው አይልስ ወደተባሉ ትንንሽ ደሴቶች ሄዶ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ዓላማው ኮራል እንዴት እንደሚመገብና እንደሚያድግ መመርመር ነበር እንጂ ጥበቃ አልነበረም። ሆኖም አባላቱ ያዩትን ሕይወት በየሥፍራው መዝግበው፣ ካርታም አንሥተው ተመለሱ። በ2004፣ በ2015 እና በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው ሥፍራ ቆጠራውን ቢደግሙት የዝርያዎቹ ብዛት ቀንሶ ተገኘ።

ግሬት ባሪየር ሪፍ በተባለው የኮራል አጥር ላይ ሰፊው ተከታታይ ቆጠራ የተጀመረው ግን በ1980ዎቹ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት ከ1985 ወዲህ የሕያው ኮራል ሽፋን ከመቶ 28 ወደ 13.8 መውረዱን አስታወቀ፤ ከጥፋቱም ለአውሎ ነፋስ ከመቶ 48፣ ኮራል ለሚበላው ባለ እሾህ ኮከብ ዓሣ 42፣ በሙቀት ለሚመጣው መንጣት 10 እጁን ሰጠ። ሽፋኑ ከዚያ ወዲህ ከፍም ዝቅም ብሏል።

ቆጠራው ባይኖር ኖሮ ተከታዩ ትውልድ ግማሹን እንደ ሙሉ በተቀበለ ነበር። የ1985ቱ መነሻ ራሱ አስቀድሞ የተጎዳ ባሕር ሊሆን እንደሚችል ደግሞ የሎው አይልስ መዝገብ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ጠባቂው የሚያድነውን መጠን የሚያውቀው፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው በጻፈው ልክ ብቻ ነው።