የእንግዴ ልጅ ሕዋሳትና የእናቶች ሕመም

የእናቲቱ ደምና የፅንሱ ደም ሳይቀላቀሉ እያንዳንዱ በየመንገዱ እንደሚመላለስ በግልጥ የታየው፣ ጆን ሐንተር በ1754 እ.ኤ.አ. በለንደን፣ ፀንሳ በሞተች ሴት ማኅፀን የደም ሥሮች ውስጥ በባልደረባው እጅ የገባውን ሰም ተከታትሎ በመረመረ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ምርመራው በአጉሊ መነጽር እየረቀቀ ሄደ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ጀርመናዊው ሐኪም ጌዎርግ ሽሞርል፣ በኤክላምፕሲያ፣ ማለት ነፍሰ ጡርን ወይም አራስን እያንዘፈዘፈ በሚጥለው ብርቱ ደዌ፣ የሞቱ የ17 ሴቶችን አስከሬን መርምሮ በ1893 በላይፕሲክ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በሳንባቸው ረቂቃን የደም ሥሮች ውስጥ ብዙ አስኳል ያላቸው ታላላቅ ሕዋሳት ተሰንቅረው አገኘ፤ እነዚህም ከእንግዴ ልጅ ተነቅለው በደም ተጉዘው የመጡ መሆናቸውን አስተዋለ። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት በጤነኛ ነፍሰ ጡር ደም ውስጥም እንደሚገኙ ኋላ ቢታወቅም፣ የደዌውን ምንጭ ለሚሹ ሁሉ ወደ እንግዴ ልጅ የሚያደርሰውን ጎዳና የጠረጉት እነዚያ ስማቸው ያልተነሣ እናቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በ1967 ብሮሰንስ፣ ሮበርትሰንና ዲክሰን የተባሉ ሊቃውንት የእንግዴ ልጅ ሕዋሳት ወደ ማኅፀን ዘልቀው ጠመዝማዛዎቹን የደም ሥሮች እንደሚያሰፉ ጻፉ፤ በ1972 ደግሞ ወደ ኤክላምፕሲያ ሊያደርስ የሚችል የደም ግፊት በያዛት ነፍሰ ጡር ዘንድ ሕዋሳቱ በሚገባ ሳይዘልቁ ስለሚቀሩ ሥሮቹ እንደጠበቡ እንደሚኖሩ አስረዱ።