በሮም አዳራሽና በዐድዋ ሰማይ፦ የሾክ ዌቭ ጥናት የተወለደበት ሳምንት



ከድምፅ በፈጠነ አየር ውስጥ የሚወለደው ሾክ ዌቭ፣ በአውሮፕላን ገላ ላይ ተለጥፎ የሚሄደውን ስስና ነውጠኛ የአየር ንጣፍ ሲመታው ምን ይሆናል? ተማሪዎቻችን ጥያቄውን የሚያውቁት ከኮምፒውተር ስሌት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄው በየት አገር፣ በማን ገንዘብና በየትኛው ሳምንት ቅርጽ መያዝ እንደ ጀመረ ነው። ያ ሳምንት በእኛም ታሪክ ውስጥ አለና።

ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ቀደም ብለው የታወቁ ናቸው። ኤርንስት ማኽና ፔተር ዛልሸር በጥይት ፊት የሚፈጠረውን ሾክ ዌቭ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፎቶግራፍ አነሡት። ሉድቪግ ፕራንትል ደግሞ በ1904 በሃይደልበርግ ጉባኤ ስለ ወሰን ንጣፍ አስረዳ። ሾክ ዌቭ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ፣ ግፊትና ሙቀት በድንገት የሚዘሉበት ግድግዳ ነው። ንጣፉ ግን ወደ ገላው በቀረበ ቁጥር እየዘገየ፣ ገላው ላይ ጭራሽ ይቆማል። በሥሩ ከድምፅ የዘገየ አየር ስላለ፣ የሾኩ ግፊት በዚያ ሾልኮ ከፍሰቱ በተቃራኒ ይጓዛል። ስለዚህ ንጣፉ ገና ሾኩ ጋ ሳይደርስ ያብጣል፤ ግፊቱ ከበረታም ከገላው ይላቀቃል፤ በሥሩም ወደ ኋላ የሚዞር አየር ይታቆራል።

አሁን ወደ ሮም እንሂድ። ከመስከረም 19 እስከ 25 ቀን 1928 ዓ.ም. አምስተኛው የቮልታ ጉባኤ በአቪዬሽን ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጋኤታኖ ክሮኮ ነበሩ፤ ፕራንትል፣ ፎን ካርማን፣ ጂ. አይ. ቴይለርና አከረት ተገኝተዋል። ወጣቱ አዶልፍ ቡዘማን ዛሬ በየጄቱ የምናየውን ወደ ኋላ የተጠመዘዘ ክንፍ ሐሳብ ያቀረበው እዚያ ነው። በጉባኤው መካከል፣ መስከረም 21 ቀን፣ ሙሶሊኒ በዚያችው ከተማ ከሰገነቱ ሆኖ የጦርነት ንግግሩን አሰማ። በማግስቱ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ፤ አውሮፕላኖቹም ዐድዋን ደበደቡ። ጉባኤው በተፈጸመበት ዕለት ዐድዋ ተያዘች።

ጦርነቱ በሰሜን ብቻ አልቀረም። የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን ወደ ገናሌ ይዘው ወረዱ። ከጦሩ ጋር የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ በቦምብ ተመታ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። እነዚያ ቦምብ ጣዮች ከድምፅ ፍጥነት ሲሶውን እንኳ አይበሩም ነበር፤ ስለ ሾክ ዌቭ ማወቅ ለአብራሪዎቻቸው ምንም አይፈይድም። ሳይንሱ ዐድዋን አቃጠለ ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን ለሮም አቅራቢያዋ ለጉዊዶኒያ የነፋስ ዋሻዎች ገንዘብ ያወጣውና ቦምቦቹን የላከው ያው አንድ የአየር ኃይል ነው። የመማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያውን ይነግሩናል፤ ሁለተኛውን ግን ይዘልሉታል። እኔ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ አለባቸው ባይ ነኝ።

ሾክ ከንጣፉ ጋር ሲገናኝ የሚያደርገውን መጀመሪያ አየ የሚባለውም በዚያው በጉዊዶኒያ ይሠራ የነበረው አንቶኒዮ ፌሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የክንፍ ቅርጾችን ሲፈትን፣ በኋለኛው ጠርዝ አጠገብ ንጣፉ ሲላቀቅ ተመለከተ። ይኸው ሰው በ1943 ከፋሺስቶች ጋር ለመዋጋት ወደ አርበኞቹ ገባ፤ በ1944 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በላንግሊ ምርምሩን ቀጠለ። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የፋሺስት ቤተ ሙከራና አርበኝነት ሲገናኙ፣ ታሪክ ጸሐፊ ለፍርድ መቸኮል የለበትም።

የጉዳዩ ክብደት በይፋ የታየው መስከረም 22 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ከዐድዋ ድብደባ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ኤክስ-15 የተባለው አውሮፕላን ከድምፅ 6.7 እጥፍ ሲበር፣ ከሆዱ ሥር በተሰቀለው የሙከራ ሞተር ቅርጽ ዙሪያ የተፈጠሩት ሾኮች ከንጣፉ ጋር ተጋጭተው ብረቱን በሙቀት በሱት። አብራሪው ፒት ናይት በሰላም አረፈ።

ከዚያ በኋላ ስሌቱ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ዘዴዎች ነውጡን በአማካይ ብቻ ይወክሉ ነበር፤ የሚላቀቀውን አየር ስፋትና የሙቀቱን ጫና ግን ደጋግመው ሳቱ። እያንዳንዱን የአየር ሽክርክሪት ያለ ግምታዊ ቀመር የሚያሰላው ዘዴ ለዚህ ችግር የደረሰው በ2000 በኒኮላውስ አዳምስ፣ በ2006 ደግሞ በፒሮዞሊና በግራሶ ሥራዎች ነው። ፒሮዞሊ በሮም ሳፒየንሳ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። በ2021 እርሱና ባልደረቦቹ ስትሪምስ የተባለውን የስሌት ፕሮግራም ለማንም በነጻ አወጡት፤ የሚሠራውም በግራፊክስ ካርድ ነው።

የሐዋሳ ተማሪ የነፋስ ዋሻ የለውም፤ ይህን ፕሮግራም ግን ዛሬ ማታ ሊያወርደው ይችላል። የሚቸግረው ጊዜው ነው። የተላቀቀው አየር እንደ ሳንባ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፤ ይህ ትንፋሽ ከንጣፉ ሽክርክሪቶች ከአሥር እስከ መቶ እጥፍ የዘገየ ነው። ጥቂት ትንፋሾችን ለማየት ስሌቱ እጅግ ረጅም መሮጥ አለበት። የትንፋሹ መነሻ ከንጣፉ በፊት ካለው ነውጥ ነው ወይስ ከራሱ ከተላቀቀው አየር የሚለው ክርክርም እስካሁን አልተዘጋም።