አስታማሚ

«አስታማሚ» የሚለው ስም «አስታመመ» ከሚለው ግስ ይወጣል። ከ«ጠያቂ» ይለያል፦ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይሄዳል፤ አስታማሚ ያድራል።

ከምሥራቅ ወለጋ፣ ከዲጋ ወረዳ፣ በሽተኛ ሪፈር ተጽፎለት ነቀምቴ ሲላክ ሚስት፣ እህት ወይም ልጅ አብራ ትሄዳለች። ካርድ ታወጣለች፣ የላቦራቶሪ ውጤት ትቀበላለች፣ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ገዝታ ታመጣለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። ሌሊት ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፋ ጋደም ትላለች። ቤት ደግሞ ከብቱና ልጆቹ አሉ።

ይህን ድካም ሕጋችን ገና በስሙ አልጠራውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከባድ ችግር ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ በበጀት ዓመት 2 ጊዜ ብቻ። በራሷ ማሳ ለምትሠራው ገበሬ፣ ጉልት ለምትቸረችረው እናት ይህም አይደርሳቸውም። ስትሮክ የጣለው አባት ደግሞ በ5 ቀን አይነሳም፤ አስታማሚው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆጥራል።

ለነፍሰ ጡሮች በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ሠርተናል። ለአስታማሚም በየሆስፒታሉ ማደሪያ፣ ውሃና ምድጃ ማዘጋጀት አያቅተንም።