የወሎ ዕቁብ በጣሊያን ማዕድ

ሚላን ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ጠፍቶ አይደለም። ፖርታ ቬኔዚያ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤርትራዊውም ኢትዮጵያዊውም የሰፈረበት ነው፤ ቪያ ሜልዞ ላይ የደረሰ ሰው የበርበሬው ሽታ ራሱ ይመራዋል። የኛ ዕቁብ ግን የሚሰበሰበው ከዚያ ራቅ ባለች አንዲት ጠባብ የጣሊያን ምግብ ቤት ነው። ምክንያቱ ሥጋ ነው።

አብዛኞቻችን የመካነ ሰላም፣ የሳይንትና የከላላ ልጆች ነን። ገሚሱ ሙስሊም፣ ገሚሱ ክርስቲያን። ወሎ ይዋለዳል፣ ቡናውን አብሮ ይጠጣል፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ይለያል። ሠርግ የደገሰ ሰው ለሁለቱም ለየብቻ ያሳርዳል፤ ድስቱም ለየብቻ ነው። አገር ቤት ይህ ማንንም አይከብድም። ሚላን ላይ ግን አንዱ ወገን ጥብሱን ሲያነሣ ሌላው ሽሮ ይዞ ይቀራል። ሁላችንም በያይነቱ ብናዝዝስ? አዝዘን አይተናል፤ "ለኛ ሲሉ ቀረባቸው" የሚል መሳቀቅ ይመጣል፣ ይሉኝታውም የምግቡን ጣዕም ያጠፋዋል።

ፓስታ ይህ ጣጣ የለበትም። በ1928 ደሴን የያዘው ጣሊያን በ1933 ተባርሮ ሲወጣ ፓስታው ቀረ፤ እኛ ስናድግ ፓስታ በሱጎ ረቡዕና ዓርብ ሳይባል የሚበላ ነበር፣ የእስላም የክርስቲያን የሚለውም አልነበረም። ከወራሪ የመጣ ምግብ አስታራቂ መሆኑ ይገርመኛል።

እርግጥ የሚላን ኩሽና ወጥመድ አለው። ቢጫው ሪዞቶ በሳፍሮን የቀለመ ሩዝ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የከብት ቅልጥምና የሥጋ መረቅ አለ። ታሊያቴሌ ትኩሱ በእንቁላል ይቦካል፣ ስለዚህ ለጾም አይሆንም። ፕሮሹቶ ላይ ክርክር የለም፤ ሁለታችንም አሳማ አንበላም። የሚተርፈን ደረቁ ስፓጌቲ ነው፦ በቲማቲም፣ ወይም በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በደረቅ በርበሬ። ለመጠጥ የፈለገ ወይን፣ ያልፈለገ እኛ አምቦ የምንለው ጋዝ ያለው ውሃ።

ባለቤቷ አሮጊት ሲኞራ መጀመሪያ ግራ ተጋብታብን ነበር። እዚህ እያንዳንዱ የራሱን ሳህን ነው የሚበላው፤ እኛ ደግሞ መሀል ላይ አድርገን መጎራረስ ጀመርን። "ሳህን አነሳችሁ?" አለች። አሁን ሳንጠይቃት በአንድ ሰፊ ሳህን ታቀርባለች። ሒሳብ ላይ ግን እሷ ናት የተገላገለችው። ጣሊያኖች በነፍስ ወከፍ እኩል አካፍለው ይከፍላሉ፤ እኛ "በሞቴ፣ እኔ ልክፈል" እያልን ሒሳብ መክፈያው አጠገብ እንታገል ነበር። በኋላ የእራቱ ገንዘብ ከዕቁቡ መዋጮ ጋር እንዲሰበሰብ፣ ዳኛው ብቻ እንዲከፍል ተወሰነ።

በ2016 ሁዳዴና ረመዳን መጋቢት 2 ቀን አንድ ላይ ገቡ። ፀሐይ ስትጠልቅ የሲኞራ ኩሽና ለመከፈት አንድ ሰዓት ያህል ይቀረዋል፤ ሙስሊሞቹ በር ላይ በቴምር አፈጠሩ። መጋቢት 22 የአውሮፓ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ መግሪብና እራት ገጠሙ፣ ከዚያ ወዲህ በአንድ ጊዜ ቆረስን። ሲኞራ ግን ፓርሚጃኖውን ይዛ መምጣቷን እስከ ዛሬ አልተወችም፤ ያለ አይብ ፓስታ ሲበላ ማየት አልሆነላትም።